ሽሮ የጣደው ቦይለር

መጀመሪያ የሰማችው እማዬ ናት። ኅዳር 2016 ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ውርጩ የጓሮውን ጎመን አጥቁሮ ባደረበት ቀን፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ «አንተ፣ ይቺ ነገር ሽሮ ጥዳለች እንዴ?» አለችኝ። ሄጄ ጆሮዬን ደቀንኩ። እውነትም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቦይለር ሆዱ ውስጥ ይንተከተካል፤ ወፍራም ሽሮ እሳት ሲበዛበት እንደሚለው፣ ጡፍ ጡፍ። «ውኃ ሲሞቅ ያው ድምፅ አለው እማዬ» ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ይቺ መልስ ሁለት ወር ቀዝቃዛ ውኃና አንድ ያለ ጥፋቱ የተባረረ ቴርሞስታት፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ አስከፈለችኝ።

ቦይለሩን የገዛሁት በ2008 ነው፤ እማዬ ከስናን መጥታ ከእኛ ጋር መኖር የጀመረች ዓመት። ጮቄ ሥር ተወልዳ ዕድሜዋን በምንጭ ውኃ የታጠበች ሴት ናት፤ ቁርጥማቱ ሲጀምራት ግን ቀዝቃዛ ውኃ ጠላቷ ሆነ። ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ የታኅሣሥ ማለዳዋን የቀመሰ ያውቀዋል። ዕቃው 80 ሊትር የሚይዝ፣ 1,500 ዋት የሆነ ተራ የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። የሚከፈት ነገር መሆኑንም አስቤው አላውቅም። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ስናገር ያሳፍረኛል።

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ውኃው ለብ እያለ ይቀር ጀመር። ቀጥሎ ጭራሽ ቀዘቀዘ፤ ከፊቱ ያለችው ቀይ መብራትም ጠፋች። ያቺን መብራት አትናቋት። በእኔ ዓይነቱ ቦይለር ላይ የተቀጠለችው ከቴርሞስታቱ በኋላ ነው። ስለዚህ በርታ እያለች ውኃው ካልሞቀ ኃይሉ ውኃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ድረስ ደርሷል፣ ሬዚስታንሱ ግን ተበጥሷል። ጠፍታ ውኃውም ከቀዘቀዘ ችግሩ ከዚያ በፊት ነው፤ ብሬከር፣ ሶኬት፣ ገመድ፣ ወይ ራሱ ቴርሞስታቱ። ውኃው በደንብ ሞቆ ከጠፋች ግን ሥራዋን ጨርሳ ነው፣ አትንኳት።

የጠራሁት ልጅ የታችኛውን ክዳን ፈታና ቴርሞስታቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በካቻቪቴ ጫፍ ተጫናት። ጠቅ አለች፤ መብራቷ በራች። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ አለ፤ ቁልፏ እሱን የምትመልስ ናት። በሦስተኛው ቀን እንደገና ቆረጠ። ልጁ ተመልሶ መጣና «ቴርሞስታቱ አርጅቷል» አለኝ። ገዛሁ፣ ቀየረው፣ ሒሳቡን ከፈልኩ። ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ አዲሱም ቆረጠ።

መምህርነቴ ትዝ ያለኝ ያን ቀን ነው። አሮጌውን ቴርሞስታት ከመሳቢያ አውጥቼ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ቴስተሩን፣ ጫፎቹ ላይ አሰርኩና ዘንጉን ብቻ እሳት ላይ በተጣደ ድስት ውኃ ውስጥ ነከርኩት። እኛ ከፍታ ላይ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ለቴርሞስታት መፈተኛ ግን ይበቃል፤ አብዛኛው የሚስተካከለው በ60ና በ75 መካከል ነውና። ከትምህርት ቤት በተዋስኩት ቴርሞሜትር 62 ላይ ሲደርስ ጠቅ ብሎ ቆረጠ። ሲቀዘቅዝ መልሶ ገጠመ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው አካባቢ ቆረጠ። ምንም በደል አልነበረበትም።

እንግዲህ ቴርሞስታቱ ጤነኛ ከሆነና ሙቀት ከልክ አለፈ እያለ ከቆረጠ፣ እሱ ያለበት ቦታ በእርግጥም ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ውኃው ግን ለብ ያለ ነው። ሙቀቱ የት ሄደ? የእማዬ ሽሮ ያኔ ነው ጆሮዬ ላይ የተንተከተከው። ሽሮ ለምን ጡፍ ጡፍ ይላል? ወፍራም ስለሆነ ከሥሩ የተፈጠረው እንፋሎት እንደ ልቡ አይወጣም፤ ታፍኖ ታፍኖ ይፈነዳል። ቦይለሬ ውስጥም ሬዚስታንሱን አንዳች ወፍራም ነገር አፍኖታል።

ከመክፈቴ በፊት ሁለት ነገር ጣልቃ ገባ።

አንደኛው የማታው ቮልቴጅ ነው። ባለቤቴ «ማታ ማታ ጨርሶ አይሞቅም፣ ሌሊት ግን ይሻላል» ትለኝ ነበር። አንድ ማታ በ2 ሰዓት ሶኬቱን ብለካው 180 ቮልት። የሬዚስታንስ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚወርደው፤ 220 ላይ 1,500 ዋት የሚሰጥ 180 ላይ 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። 80 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ የሚወስድበት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ቦይለራችሁ ከዘገየ ከመፍታታችሁ በፊት ቮልቴጁን ለኩ። የእኔ ቤት ችግር ግማሹ ይኸው ነበር፤ ግማሹ ብቻ።

ሁለተኛው የማያስቀልድ ነው። ልጄ እጇን ስትታጠብ «አባዬ፣ ውኃው ይነዝራል» አለችኝ። ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩ። ውኃ ወይም የቧንቧው ብረት በትንሹም ቢሆን ከነዘራችሁ «ትንሽ ነው» ብሎ መታጠብ የለም፤ ዛሬ የቆነጠጠ ነገ ይገድላል። የሶኬቱን ፊት ስፈታው ቢጫና አረንጓዴው የአርዝ ገመድ፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው፣ ጫፉ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ። ስምንት ዓመት እማዬ እዚያ ውስጥ ስትታጠብ ኖራለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን በኤሌክትሪክ እጁን ያላፍታታ ሰው ብቻውን ባይሞክረው ይሻላል። እኔም ጎረቤታችንን ጋሼን ጠርቼ ነው የጀመርኩት፤ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ብሬከሩን አውርደው የሳጥኑን ቁልፍ ኪሳቸው መክተት ነው። «ቤት ውስጥ ሰው አለ፤ መብራት የጠፋ መስሎት የሚያነሳው አይጠፋም» አሉ። ቀጥለው ቴስተሩን በሚሠራ ሌላ ሶኬት ላይ ሞከሩ፤ ከዚያ የቦይለሩን ጫፍ ነኩ። ባትሪው የሞተ ቴስተር ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ ዜሮ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ደኅና ማለት አይደለም።

ማታ ዘግተን ውኃው እስኪበርድ አሳደርነው። ጠዋት የመግቢያውን ሳራቺኔስካ ዘጋን፣ ከመግቢያው ላይ ጎማ አስረን ማፍሰስ ጀመርን። አንድ ስኒ የምታህል ወርዳ ቆመች። ትንሽ ተደናበርኩ። ጋሼ ሳቁና የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፈቱት፤ አየር ሲገባለት ያኔ ወረደ። ጠርሙስ ደፍታችሁ ስታፈሱ እንደሚሆነው ነው፣ አየር ካልገባ አይወርድም። ባልዲ በባልዲ ለችግኝ፣ ለልብስ፣ ለሽንት ቤት አስቀመጥነው፤ ማርቆስ ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰሞን 80 ሊትር አይደፋም።

የገመዶቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አነሳሁ። ከተርሚናሎቹ አንዱ ጠቁሮ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ስናየው ቡሎኑ ላልቶ ኖሯል። 1,500 ዋት በ220 ቮልት 7 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በላላ ጫፍ ላይ ይህ ለሰዓታት ሲያልፍ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ምድጃ ይፈጠራል። ያን ገመድ እስከ ጤነኛው መዳብ ድረስ ቆርጠን አዲስ ጫፍ አሰርንለት።

የታችኛውን ክብ ብረት የያዙትን ቡሎኖች በተቃራኒ በተቃራኒ እያላላን ፈታን። መጨረሻው ሲወጣ ብረቱ አልወረደም፤ የያዘው ነገር ነበር። ትንሽ ወዘወዝኩት። ድንገት ለቀቀና ሬዚስታንሱ ከነጓዙ መጣ፤ ተከትሎት ግማሽ ባልዲ የሚሆን ነጭ ገንፎ መሳይ ነገር እግሬ ላይ ተዘረገፈ። አሸዋ አለው፣ ቀይ ጭቃ አለው፣ አብዛኛው ግን እንደ ኖራ የነጣ ቅርፊት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት። ሬዚስታንሱ ራሱ ከነቴርሞስታቱ ቱቦ አንድ ላይ ተጋግሮ፣ ሁለቱን መለየት እስኪያቅት የጣት ውፍረት ያለው ቅርፊት ለብሷል። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ግልጽ ሆነ። ሬዚስታንሱ ይግላል፣ ቅርፊቱ ሙቀቱን ወደ ውኃው አያሳልፍም፣ አጠገቡ የተጣበቀው ቴርሞስታት ብቻ ይቃጠልና ይቆርጣል። ውኃው ከበላይ ቀዝቅዞ ይቀመጣል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችው። «እኔ ምን አልኩ፤ አሯል» አለች።

ቅርፊቱን በእንጨት ማማሰያ ቀስ ብዬ አራገፍኩና ሬዚስታንሱን አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ ሌሊቱን ሲፈላ አድሮ ጠዋት ብረቱ ታየ። የታንኩን ውስጥ በቢላ ወይም በካቻቪቴ አትፋቁ። ውስጡ የድሮው የብረት ሳህን ዓይነት ኢናሜል የተቀባ ነው፤ ሳህኑ ጠርዙ ላይ ሲፈነገል እዚያው ከዚያው እንደሚዝገው፣ ታንኩም የተፈነገለበት ቦታ ላይ ነው የሚበሳው። አንዱ ወዳጄ የመኪና ባትሪ አሲድ ጨምርበት ብሎ መክሮኝ ነበር። እሱን አትስሙ። ብረቱንም ዓይናችሁንም ይበላል።

ከዚያ ልኬት። በሬዚስታንሱ ሁለት ጫፎች መካከል 33 ኦም አገኘን። ለ1,500 ዋት በ220 ቮልት ልክ 32 ገደማ ነው መሆን ያለበት፤ ስለዚህ አልተበጠሰም። ማለቂያ የሌለው ቁጥር ካሳየ ተበጥሷል። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ መልሰን እንገጥመው ነበር። ጋሼ ግን አንዱን የቴስተር ጫፍ ከሬዚስታንሱ እግር ወደ ውጪኛው ብረት አዛወሩት። እዚያ ምንም መነበብ የለበትም። 200 ኪሎ ኦም አነበበ። 220 ቮልት በዚያ በኩል ቢያልፍ አንድ ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ ሰው መንዘሩን የሚጀምርበት መጠን። የልጄ «ይነዝራል» ይኸው። ከመጠን በላይ ሲግል የኖረ ብረት ውጪው ተሰንጥቆ ውኃ አስገብቷል። ተራ ቴስተር በትንሽ ባትሪ ስለሚለካ ጥቃቅኑን ፍሳሽ ላያገኘው ይችላል፤ ጤነኛ አነበበ ብላችሁ ብቻ መንዘሩን አትርሱት። ያን ሬዚስታንስ ጣልነው። የሱ አዲስ ማርቆስ ውስጥ በቀላሉ ተገኘ፤ አሮጌውን ይዤ ሄጄ ነው ያመሳሰልኩት፤ የክቡ ብረት ስፋትና የቡሎኖቹ ብዛት ካልገጠመ ዋጋ የለውም።

ያልተገኘው ሌላ ነገር ነው። ከሬዚስታንሱ ጎን፣ እዚያው ብረት ላይ የተተከለች የስቴኪኒ ያህል የቀጠነች የዛገች ሽቦ ነበረች። «ይቺ ምንድን ናት?» ብዬ ልሰብራት ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ድሮ የአውራ ጣት ውፍረት የነበራት የማግኒዚየም ዘንግ፣ አኖድ የሚሏት ናት። ማግኒዚየም ከብረት ይልቅ በቶሎ የሚበላ ስለሆነ ኢናሜሉ የሳሳበት ቦታ ላይ ያለውን ብረት ትታ ራሷ ትበላለታለች። እሷ ስታልቅ ተራው የታንኩ ነው። ይህን ለክፍል ተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ፤ የመርከብ ምሳሌ እየሰጠሁ። ማርቆስ ላይ መርከብ። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሱቅ ሱቅ ዞርኩ። «እሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ነው መልሱ። ባሕር ዳር አስጠየቅሁ፣ የለም። የእኅቴ ልጅ መርካቶ አገኘና በአውቶቡስ ላከልኝ፤ መንገዱ በሚዘጋበት ሰሞን ስለነበር አባይን እስኪሻገር 11 ቀን ፈጀ። በዚያ 11 ቀን ውኃ ስናሞቅ የኖርነው በብረት ድስት ነው። ስታዝዙ የሽቦዋን የጥርስ ውፍረት ለኩ፤ ባለ 5፣ ባለ 6፣ ባለ 8 ሚሊሜትር አለ፤ እኔ መጀመሪያ ሳልለካ ነው ያዘዝኩት፣ ደግነቱ ገጠመ። ዋጋዋ ከአዲስ ቦይለር ጋር ሲነጻጸር የሚወራ አይደለም።

ዘንጓን ስንጠብቅ ነው ሁሉንም ያስደነገጠንን ያየነው። ቀዝቃዛው ውኃ በሚገባበት ላይ ሴፍቲ ቫልቭ አለ፤ ትንሽ እጀታና ወደ ታች የምትተነፍስ ቀዳዳ ያላት። ከዓመታት በፊት ታንጠባጥባለች ብዬ አንድ ቧንቧ ሠሪ ጠርቼ ነበር። በአምስት ደቂቃ አስተካከለልኝ፤ «አበጀህ» ብዬ ጉርሻም ጨምሬለታለሁ። ያስተካከለው ቀዳዳዋ ውስጥ የእንጨት ሽብልቅ ቀርቅሮ ነው። ጋሼ ሽብልቁን በፒንሳ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና ምንም አልተናገሩም። 80 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ያብጣል፤ ያ ትርፍ ነው የሚንጠባጠበው። ሲሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ካለች ጤነኛ ናት፤ ሥሯ ጣሳ አስቀምጡ ወይም ቀጭን ጎማ አስራችሁ ወደ ፍሳሹ ምሯት። ሳይሞቅም ያለማቋረጥ ከፈሰሰች ቫልቩ ቆሽሿል ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል። የተደፈነ ቫልቭና አልቆርጥ ያለ ቴርሞስታት አንድ ቀን ቢገናኙ ታንኩ ቦምብ ነው። አዲስ ቫልቭ ገዛን፤ አብዛኞቹ 8 ባር የሚል ተጽፎባቸዋል። አሁን በወር አንዴ እጀታዋን አነሳለሁ፤ ውኃ ተፍ ካለች በሕይወት አለች።

አርዙንም በዚያው ሳምንት አስተከልን፤ መዳብ የለበሰ ዘንግ ጓሮ ውስጥ መሬት ተመቶ ገመዱ እስከ ሶኬቱ ተሳበ። ከብሬከሩ ጎንም 30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ሲያይ የሚቆርጥ ሌላ መቁረጫ ገባ። ከሁሉ ብዙ ብር የወሰደው ይኸ ነው፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

በዚህ መሀል ወንድሜ «ለምን በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራውን አትገዛም፤ መብራት ቢጠፋም አያስቸግርህም» ብሎኝ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን የሱ ቦታ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት አይደለም፤ ጭሱ ወደ ውጪ የሚወጣበት ቱቦ ከሌለው ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ እንደ መተኛት ነው፣ ያው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚገድለው። የኛ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጠባብ ናት።

መልሶ መግጠም ቀላሉ ክፍል ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ክቡ ብረትና ታንኩ የሚገናኙበት ላይ አዲስ ጎማ ተጠቀሙ፤ አሮጌው አንዴ ከተነሳ አይመለስም። ቡሎኖቹን በተቃራኒ በተቃራኒ ቀስ በቀስ አጥብቁ። እኔ ሁሉንም አስሬ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ ከጋሼ ቁልፉን ተቀብዬ ብሬከሩን ላነሳ ስል ባለቤቴ «ውኃ ሞልተሃል?» አለችኝ። አልሞላሁም። ያን ቀን የመንግሥት ውኃ አልነበረም፣ ሮቶውም ባዶ ነበር። ውኃ በሌለው ታንክ ውስጥ አዲስ ሬዚስታንስ ቢበራ በደቂቃዎች ይቃጠላል። ማታ ውኃው መጣ፤ የሙቁን ቧንቧ ከፍተን ጠበቅን፤ ሲያስነጥስ ሲያስነጥስ ቆይቶ አንድ ወጥ ሆኖ መፍሰስ ሲጀምር ሞልቷል። ጎማው ዙሪያ ሶፍት አስጠጋሁ፤ ደረቅ። ያኔ ብሬከሩ ተነሳ።

ቴርሞስታቱን 60 ላይ ነው የተውኩት። ከዚያ በላይ ቅርፊቱ ይበረታል፤ ከዚያ በታች ደግሞ በታንኩ ውስጥ ጀርም ይመቸዋል። የድሮውን፣ ያባረርኩትን ነው መልሼ የገጠምኩት፤ አዲሱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሁሉ አይድንም። ውኃው የሚያንጠባጥበው ከቫልቩም ከጎማውም ሳይሆን ከታንኩ ገላ፣ ከውጪኛው ቆርቆሮ ስፌት ዝገት ይዞ ከሆነ፣ ታንኩ ተበስቷል። የሚበየድ አይደለም፤ ብሩን ለአዲስ አስቀምጡ። የኔው በዘንጓ ሁኔታ ሲታይ እዚያ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አሁን በጎኑ ላይ በማርከር «ጥር 2016 ተከፈተ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ በ2018 ጥር እንደገና ከፍቼ ዘንጓ ግማሽ ተበልታ አገኘኋት፣ ቀየርኩ።

በመጀመሪያው ማታ ውኃው ሞቆ መብራቷ ጠፋች። እማዬ ባልዲዋንና ጣሳዋን ይዛ ገባች። ትንሽ ቆይታ በሩን ከፈት አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«አንተ፣ ዝም ብላለች እኮ። ተበላሸች እንዴ?»